ለሳራ የነገርኳት ውሸት

ለእታለሜ ለዛሂራ፣

ሰላም ላንቺ፣ ሰላም ለቤትሽ፣ ከሐይቁ ዳር እስከ ጓሮሽ ድረስ ላለው ሁሉ ሰላም ይሁን። እንዴት ነሽልኝ? ወገብሽስ እንዴት ሆነ? ዝናብ ሲጥል ይብስብኛል ያልሽኝ ነገር እስካሁን ከልቤ አልወጣም። እናታችን ዓይኗ ተሻላት ወይ? ጠብታውን ገዝቼ በዚህ ሰው እጅ ልኬላታለሁ፤ ጠዋትና ማታ አንዳንድ ጠብታ ነው፣ እንዳታበዛው። ባለቤትሽ ኢሳ እንዴት ነው? ትከሻውን ሲያመው ዛሬም ሐኪም ቤት አልሄድም ይላል? ኒዕማ ስንተኛ ክፍል ደረሰች? ጣራችሁን መልሳችሁ እንዳለበሳችሁ ሰምቼ አልሐምዱሊላህ ብያለሁ። ከጦርነቱ መከራ በኋላ ጣራ ሥር መተኛታችሁ ብቻውን ለእኔ ዒድ ነው።

እኔ በአካሌ ደህና ነኝ። ስለሌላው ደህና ነኝ ብዬ እንዳልጽፍልሽ ዘንድሮ የዋሸሁት ይበቃኛል። ይህን ነገር ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ደውዬልሽ ነበር። ሦስቱንም ጊዜ ድምፅሽን ስሰማ ስለዝናቡና ስለበጎቹ አውርቼ ዘጋሁት። ስለዚህ ጻፍኩት። ደብዳቤውን የሚሰጥሽ ሚልዮን አሁን በምኖርበት በካርቱሙ ሰፈር በካላክላ ያስጠጋኝ ሰው ነው፤ በመተማ በኩል ዕቃ ያመላልሳል፤ ድንበሩ ተዘግቶ ቆይቶ ሰሞኑን ተከፍቶለታል። መጀመሪያ ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው። ሁለተኛ ደግሞ ደሴ ሄደሽ ለሳራ ታነቢላታለሽ። ሳራ አብራኝ ትሠራ የነበረችው የእትዬ ጸሐይወርቅ አንድያ ልጅ ናት፤ ገበያው አጠገብ ልብስ ትሰፋለች፤ ስልኳን ከጀርባው ጽፌልሻለሁ።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። ሪያድ በሚሉት የካርቱም ሰፈር እሠራበት የነበረውን ትልቅ ቤት በስልክ ነግሬሻለሁ። ባልየው አብዛኛውን ጊዜ ውጭ አገር ነው፤ ቤቱን የምትገዛው መዳም ናት፤ ልጇ ሙስዐብ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ይማራል። ከአገራችን የሄድን ሠራተኞች ሦስት ነበርን፤ ዘበኛው ሻምበል፣ ምግብ የምታበስለው እትዬ ጸሐይወርቅ፣ እና እኔ። ሻምበል ስሙ ነው እንጂ ወታደር ሆኖ አያውቅም። እትዬ ጸሐይወርቅ የወረኢሉ ሰው ናት፤ ካርቱም አሥራ አራት ዓመት ኖራለች። የመጣሁ ሰሞን ወባ ሲጥለኝ አሥራ ሁለት ቀን ከአልጋዬ ሥር መሬት ላይ ተኝታ ያስታመመችኝ እሷ ናት። አንቱ ስላት «አታስረጂኝ» ብላ አንቺ ያስባለችኝም እሷ ናት። ያኔ በስልክ «እህትሽ የእኔ አደራ ናት፣ አታስቢ» ያለችሽ ሴትዮ ትዝ ትልሻለች? እሷው ናት።

ሙስዐብ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ለውድድር የሚሠሩት ጨዋታ ነበራቸው። ኳስ ነው፣ ግን ኮምፒውተር ውስጥ ነው። አረንጓዴ ሜዳ አለ፤ በየወገኑ አሥራ አንድ ተጫዋች አለ፤ ተጫዋቾቹ ግን ሰው አይመስሉም፣ የለስላሳ ቆርኪ ነው የሚመስሉት። ሮቦት ይሏቸዋል። ልጆች በእጃቸው ይዘው እንደሚነዱት ጨዋታ እንዳይመስልሽ፤ ፊሽካ ከተነፋ በኋላ ማንም አይነካቸውም። ተማሪዎቹ ለእያንዳንዱ አስቀድመው የሚያደርገውን ይጽፉለታል፤ ሜዳ ከገባ በኋላ ግን የሚወስነው ራሱ ነው። የሚያየው ፊት ለፊቱን ብቻ ነው፤ የራቀው ይደበዝዝበታል። ለጓደኛው ማለት የሚችለው አንዲት አጭር ቃል ነው፤ እሷንም ቅርብ ያለው ብቻ ይሰማታል። መጀመሪያ ሲያሳዩኝ ሥራ የፈቱ ልጆች ናቸው ብዬ ስቄባቸው ነበር።

የሚሸነፉት በማቀበል ነበር። አንዱ ቆርኪ ኳሱን ጓደኛው ወደነበረበት ይመታል፤ ጓደኛው ግን ቦታውን ለቋል። ወይም ሁለቱ ለአንድ ኳስ ይሮጡና ይጋጫሉ፤ ወይም እሱ ይዘዋል፣ እሱ ይዘዋል እየተባባሉ ሁለቱም ይተዉታል። አንድ ቀን ሻይ ሳቀርብላቸው ሙስዐብ ጸጉሩን ይዞ ሲበሳጭ አየሁና አፌ አላስቀምጥ አለኝ። «የሚሰጠው ነው እንዴ የሚጣራው?» አልኩት። «እኔና እትዬ ጸሐይወርቅ የፈላውን ድስት በጓዳው በር ስንቀባበል፣ የምቀበለው እኔ ያዝኩ ሳልል እሷ አትለቅም። የምቆምበትንም የምናገር እኔ ነኝ።» ከመካከላቸው አብራር የምትባለዋ ልጅ ወረቀት ስባ ጻፈችው። በሳምንቱ ተቀባዩ ወዴት እንደሚሮጥ አስቀድሞ የሚጮህ አደረጉት፤ ሰጪውም ኳሱን ሰውየው ወዳለበት ሳይሆን ወደሚደርስበት እንዲመታ አደረጉት። አራት ጎል ለዜሮ አሸነፉ። ሙስዐብ ጓዳ ድረስ መጥቶ በሁለት እጁ ጨበጠኝ። በዚያ ቤት አራት ዓመት ስኖር እጄን የጨበጠኝ ሰው አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ነገሩን በእውነተኛ ሰው ማየት አማራቸው። ሰው እንደ ሮቦቱ ዓይኑ ተጋርዶ፣ አንዲት ቃል ብቻ ተፈቅዶለት ኳስ ሲቀባበል መቼ ይጣራል፣ ምን ያህል ቀድሞ ይሮጣል፣ ይህን ቀርጸው ለሮቦቶቹ ሊያስተምሩ። ማን ይጫወት ሲባል እኛ አለን። ሦስታችንን፣ ከጎረቤት ቤት ደግሞ ሁለት የአገራችንን ልጆች ጨምረው፣ በሆሹ፣ ማለቴ በግቢው አሸዋ ላይ አቆሙን። የዓይናችንን ግራና ቀኝ እንደ ጋሪ ፈረስ በካርቶን ጋረዱት። ጀርባችን ላይ ቁጥር ለጠፉ። እኔ ሰባት ነበርኩ፤ እትዬ ጸሐይወርቅ ስድስት፤ ሻምበል ሁለት። እነሱ ከሰገነቱ ላይ ሆነው በስልክ ይቀርጻሉ፤ ሁለት ጓደኞቻቸው ኳሱን ሊነጥቁን ያሯሩጡናል። በስማችን መጥራት ቀረ። «ስድስት፣ ያላ! ሁለት፣ ያላ!» ሆነ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ እታለሜ፣ መጀመሪያ ደስ ብሎኛል። ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር። ሻምበል በስተርጅናው እንደ ጠቦት ሲዘል አይተን ሆዳችንን ይዘን ስቀናል። እትዬ ጸሐይወርቅ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ኳሱን በተረከዟ ስትመታው የጎረቤቶቹ ልጆች እልል አሉ። ደግሞም እንችልበት ነበር። አብረን የኖርን ሰዎች ስለሆንን በትንፋሽ እንተዋወቃለን። አብራር በሰዓት እየለካች «እንዴት አወቅሽ? እንዴት ቀድመሽ ሄድሽ?» ትለኝ ነበር። ሙስዐብ እሱ ዘንድ ወንበር ስቦ ኮምፒውተሩ አጠገብ ያስቀምጠኝ ጀመር። «አሠልጣኝ» አለኝ። ውድድሩን ካሸነፍን የኮምፒውተር ትምህርት ቤት አስገባሻለሁ፣ ፓስፖርትሽንም ከእናቴ እቀበልልሻለሁ አለኝ። ፓስፖርቴ ከመጣሁ ጀምሮ መዳም ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። እኔም ልቤ አበጠ። አሠልጣኝ ነኝ ብዬ ሌሎቹን መቆጣት ጀመርኩ። አንድ ቀን እትዬ ጸሐይወርቅን ኳስ ሲያመልጣት በዐረብኛ «ይህቺ አሮጊት ጉልበቷን ገበያ ረስታዋለች» አልኩ፣ ከሰገነት ያሉት እንዲስቁልኝ። ሳቁ። ዐረብኛ ከእኔ በላይ የምታውቀው እሷ ነበረች።

ሚያዝያ ገባ። የካርቱምን ሚያዝያ ላላየ መንገር ይቸግራል፤ በቀትር የበሩ እጀታ እጅ ይልጣል። የእኛ ረመዳን ነበር፤ የእነ እትዬ ጸሐይወርቅም ሁዳዴ ነበር። እኔም እሷም ውኃ በአፋችን ሳይዞር ነው የምንሮጠው። ተማሪዎቹም ይጾማሉ፤ ግን እስከ ረፋድ ተኝተው ነው የሚነሱት፤ የሚቀርጹትም ጥላ ሥር፣ ማራገቢያ ከጎናቸው ሆኖ ነው። ውድድሩ ስለቀረበ በቀን ሁለት ጊዜ ሆነ፤ ረፋድ አምስት ሰዓት ላይ አንድ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሌላ። እትዬ ከዚያ በኋላ ገብታ የሃያ ሰው ማፍጠሪያ ትሠራለች። አንድ ቀን ጓዳ ምስር ስትለቅም ቀና ብላ፣ «ሉጥፊያ ልጄ፣ አንቺን ይሰሙሻል። ሰሞኑን ራሴን እያዞረኝ ነው፣ ቀኝ እጄም ይደነዝዘኛል። እሷን ተዋት በይልኝ» አለችኝ። «እትዬ፣ የቀረው እኮ ሳምንት ነው፣ ታገሺ» አልኳት። «እሺ ልጄ» ብላ ወደ ምስሯ ተመለሰች።

እዚህ ላይ ቆሜ ብዙ ቀን ብዕሬን አስቀምጫለሁ። ለሳራ ስታነቢላት ይህችን አትዝለያት። በማግስቱ ጠዋት ሙስዐብ ራሱ ጠየቀኝ። እኔ ሳልለምነው፣ ከራሱ አፍ ወጣ። «ስድስት ቁጥር እየዘገየች ነው፣ በሌላ ሰው ብንቀይራት ምን ይመስልሻል?» አለኝ። ምን ነበረበት፣ እታለሜ? አዎ ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ። እኔ ግን ብልጥ መምሰል አማረኝ። «አይ፣ ትቆይ» አልኩት። «መዘግየቷ ነው የሚጠቅማችሁ። ከሮቦቶቹም የሚደክም አለ ብለኸኝ የለ? ለደከመ ጓደኛ ኳስ እንዴት እንደሚሰጥ ከእሷ ነው የምትማሩት።» ጠረጴዛውን መታው። «ወላሂ እውነትሽን ነው!» አለ። አብራርን ጠርቶ የተናገርኩትን ደገመላት። አብራር ግን ዓይን ዓይኔን እያየች «ሴትዮዋ ትችላለች?» አለችኝ። «ትችላለች» አልኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ኳሱ ወደ እሷ እንዲበዛ አዘዙ።

ማክሰኞ ነው፣ የእነሱ የሕማማት ማክሰኞ። ጎህ ሲቀድ እትዬ ዕቃ ቤት ውስጥ ስትሰግድ ጉልበቷ መሬቱን ሲመታ ሰምቻለሁ። አምስት ሰዓት ላይ ወጣን። ሦስተኛው ዙር ላይ እኔ ኳሱን ይዤ በግራዬ በኩል ጥሪዋን ጠበቅሁ። ድምፅ የለም። ተበሳጨሁና መዘግየት ልማዷ ነው ብዬ መድረስ ወዳለባት ቦታ በኃይል መታሁት። ኳሱ አንድ ነገር ላይ አርፎ ቆመ። «ስድስት!» ብዬ ጮህኩ፤ በስሟ አልጠራኋትም። ከሰገነት ሳቅ ተሰማ። ዞር ብዬ ካርቶኑን ገፋ ሳደርገው በጎኗ አሸዋው ላይ ወድቃለች፤ ኳሱ ሆዷ ላይ ተደግፎ ቆሟል። ከላይ ያሉት እየቀለደች መስሏቸዋል። ሙስዐብ «ተነሺ ያላ፣ እየቀረጽን ነው!» ይላል። የቀኝ ጉንጯ ወደታች ተንጠልጥሏል። ካርቶኑን ከዓይኗ ላይ ቀድዶ ያነሳት ሻምበል ነው። እኔ ባለሁበት ቆሜ ነበር።

መዳም ከእንቅልፏ ተነስታ መጣች። ሻምበል «ሐኪም ቤት እንውሰዳት፣ አምቡላንስ ጥሪ» ብሎ እግሯ ሥር ወደቀ። መዳም «ኢቃማዋ አልፏል» አለች። ኢቃማ የመኖሪያ ፈቃድ ነው፤ ማሳደስ ያለባት ራሷ መዳም ነበረች፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ዛሬ ነገ ስትል ቀርታለች። «ሐኪም ቤት ወረቀት ይጠይቃሉ፣ ፖሊስ ይጠራሉ፣ ለእኔም ለእሷም ጣጣ ነው። ሙቀት ነው፣ ያልፍላታል» ብላ ዕቃ ቤት አስገብታ እርጥብ ጨርቅ አድርጉባት አለች። ሁለት ቀን እዚያ፣ በሽንኩርቱ ጆንያና በጋዙ መካከል ተኛች። ውኃ በማንኪያ ስሰጣት በቀኝ በኩል ይፈስሳል። ስሟን ስጠራት ታየኛለች፣ አፏ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። ሙስዐብ አንድ ጊዜ በር ላይ ቆሞ አየና ፊቱ አመድ መስሎ ተመለሰ። ክፉ ልጅ እንዳይመስልሽ፤ አለቀሰ። አልቅሶም ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወደ ኮምፒውተሩ ገባ፤ ውድድሩ ቀርቧልና።

በሦስተኛው ቀን መዳም ሹፌሩን ኦመርን አዘዘችው። ልብሷን በፌስታል ቋጥረው መኪና ላይ አወጧትና ካላክላ፣ የአገራችን ሰዎች ብዙ የሚከራዩበት ግቢ በር ላይ ሄዶ ጣላት። ደጅ ያለ የፕላስቲክ ወንበር ላይ አስቀምጧት አንኳኩቶ፣ ሳይከፈትለት ሄዷል። ስቅለት ዋዜማ ነበር። በሩን የከፈተችው የሚልዮን ሚስት ናት። አታውቃትም፤ ቢሆንም አስገብታ አልጋዋን ሰጠቻት። ሻምበል በማግስቱ ፈልጎ አገኛትና ሐኪም አመጣ። ሐኪሙ እጇንና እግሯን ነካክቶ «መቼ ነው የወደቀችው?» አለ። ሲነግሩት ቦርሳውን ዘጋ። «ያን ቀን ባመጣችኋት ኖሮ የምናደርግላት ነበር። ዋናዎቹ የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነበሩ» አለ። ቀኝ ጎኗ አልተመለሰም። ንግግሯም አልተመለሰም። የምትሰማውን ግን ሁሉ ትሰማለች፣ ሁሉም ይገባታል።

ሳራ ለፋሲካ እንኳን አደረሰሽ ልትላት ስትደውል የእናቷ ስልክ ዝግ ነው። ወደ እኔ ደወለች። መዳም ከአጠገቤ ቆማ ነበር፤ «ሄዳለች በያት፣ ሌላ ነገር ብትናገሪ አንቺም ከእሷ ጋር ትሄጃለሽ» አለችኝ። እኔም «እትዬ የተሻለ ቤት አግኝታ ከአሠሪዎቿ ጋር ፖርት ሱዳን ወርዳለች፣ ኔትወርክ የለም» አልኳት። ልጅቷ ደስ አላት። «ጤናዋስ?» ስትለኝ «ወፍራለች» አልኩ። ይህን ማንም በይ አላለኝም፤ ከራሴ ጨምሬ ነው። በግንቦት ዳግመኛ ደወለች። «ሰላም ብላሻለች፣ ባሕሩን ወዳዋለች» አልኳት። ውሸት እንደ እርሾ ነው፣ ተይው ብትይውም በራሱ ይነፋል።

ዒዱ አልፎ በግንቦት መጨረሻ ውድድሩ ተካሄደ። ከሌላ አገርም ቡድኖች መጥተው ነበር አሉ። የሙስዐብ ቡድን አንደኛ ወጣ። የደከመ ጓደኛ ሲኖር የኳስ አሰጣጡን የሚቀይረው ያ ዘዴ ነው ያሸነፈላቸው፤ ዳኞቹ ለብቻው አመሰገኑት አሉ። ዓርብ ምሳ ላይ ትልቅ ግብዣ ሆነ። ዘመድ ጎረቤት ሁሉ ሳሎን ሞላ፤ እኔ ሳህን አመላልሳለሁ። ከምግቡ በኋላ ሙስዐብ እንዴት እንደሠሩት በትልቁ ቴሌቪዥን ማሳየት ጀመረ። መጀመሪያ ቆርኪዎቹ ሲቀባበሉ አሳየ፤ በእውነት ያምሩ ነበር፣ ኳሱ ከእግር እግር እንደ ወሬ ይሄዳል። ቀጥሎ የእኛን ግቢ አመጣ። አፍጥነውት፣ ዘፈን ጨምረውበት፣ ሁላችንም እንደ ጉንዳን ውር ውር እንላለን። ሻምበል ዘለለ፣ ሰው ሳቀ። እትዬ ጸሐይወርቅ ወደቀች። ኳሱ መጣና መታት። አንድ ሰው መልሰው አለ፤ መለሱት። ተነሳች፣ ወደቀች፣ ተነሳች፣ ወደቀች። አንዲት ሴትዮ በሳቅ ዕንባዋን እየጠረገች «ስድስት ቁጥር የት አለች? አምጡልን እንጂ እንያት!» አለች። ኳሱን የምትመታው ደግሞ እኔ ነኝ፤ ጀርባዬ ላይ ሰባት ተጽፎ።

ሳህኑን አስቀምጬ ሙስዐብን በረንዳው ላይ ጠበቅሁት። «ትምህርት ቤቱን ተወው፣ ፓስፖርቱንም ተወው። ያንን ብቻ አጥፋልኝ» አልኩት። አልገባውም። «ኧረ ቀድሞ ተልኳል፣ ሰው ሁሉ አይቶታል፣ በጣም ወደውታል» አለኝ። ቀጥሎም ሊያጽናናኝ ብሎ «አንቺ እኮ አምረሽ ነው የምትታይው፣ ከሁሉም የምትበልጪው አንቺ ነሽ» አለኝ። አብራር ከኋላው ቆማ ነበር። «እኔ አትጨምረው ብዬው ነበር» አለች፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ። ብላው ይሆናል። ብላውም ግን እዚያው ተቀምጣ ምሳዋን በልታለች። እኔስ ከእሷ በምን እሻላለሁ? ልብሴን በፌስታል ይዤ በሻምበል በር ወጣሁ። ፓስፖርቴ እዚያው ቀርቷል። መንገዱ በሰልፈኞች ድንጋይ ስለተዘጋ አንድ ረክሻ፣ የእኛው ባጃጅ ማለት ነው፣ ግማሽ መንገድ አድርሶኝ፣ የቀረውን በእግሬ ካላክላ ገባሁ።

አሁን ከእትዬና ከሚልዮን ቤተሰብ ጋር ነኝ። ጠዋት ጠዋት ቡሪ ሰፈር ሄጄ በየቤቱ ልብስ አጥቤ እመለሳለሁ። እሷን ማጠብ፣ ማገላበጥ፣ ጸጉሯን መሥራት የእኔ ሥራ ነው፤ ይህን ትፈቅድልኛለች፣ ምርጫ ስለሌላት። ማጉረስ ግን አልተፈቀደልኝም። እጄን ሳቀርብ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። ከሚልዮን ሚስት እጅ ትበላለች፤ ከሻምበል እጅ ትበላለች፤ ከሚልዮን ትንሽ ልጅ እጅ እንኳ ትበላለች። ይቅር በይኝ ብያታለሁ፤ ስንት ጊዜ እንደሆነ አልቆጠርኩትም። ግድግዳውን ታያለች። ሰዎቹ ሕመሙ ነው፣ አታውቅሽም ይሉኛል። ታውቀኛለች።

በሰኔ ሳራ ሦስተኛ ጊዜ ደወለች። እየሳቀችና እየፈራች ነበር። ሽማግሌ ተልኮባታል፤ ልጁ መምህር ነው፤ እሷም ወዳዋለች፤ ግን የእናቴን ቃል ሳልሰማ እሺ አልልም ብላ ሁለት ሳምንት አስጠብቃቸዋለች። «በአላህ ይሁንብሽ ሉጥፊያ፣ እንደምንም ብለሽ አግኚያትና ጠይቂልኝ» አለችኝ፣ እሷ ክርስቲያኗ በአላህ ለምናኝ። መዳም አጠገቤ አልነበረችም። የሚያስፈራኝም የሚያዘኝም አልነበረም። እናቷ ከእኔ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ፊቷን አዙራ ተኝታለች። በማግስቱ ደወልኩና «አግኝቻታለሁ። በጣም ደስ ብሏታል። መርቄሻለሁ፣ ውለጂ ክበጂ፣ እኔም ለሠርግሽ እደርሳለሁ ብላለች» አልኳት። ልጅቷ እልልታውን እዚያው ስልኩ ላይ አቀለጠችው። በዚያ ምርቃት እሺ ብላ ሠርጉ ለጥር ተቆርጧል።

ስለዚህ እታለሜ፣ ሳራ ዘንድ ሄደሽ የምትነግሪያት ይህ ነው። እናቷ ፖርት ሱዳን አልሄደችም። አልወፈረችም፤ እኔ ብቻዬን አንስቼ አቅፋታለሁ። ምርቃቱ የእናቷ አይደለም፣ የእኔ ነው፤ እኔ ደግሞ ለመመረቅ የሚበቃ አፍ የለኝም። መዳም ክፉ ናት፣ ልጆቹ ክፉዎች ናቸው እያልሽ ብቻ አታውሪላት፤ ትቆይ ያልኩት እኔ ነኝ፣ ያንን አስቀድሚላት። ሻምበል ሥራውን ለቆ፣ የዛሬ ሳምንት እትዬ ጸሐይወርቅን ይዞ ይነሳል፤ በገዳሪፍ በኩል መተማ፣ ከዚያ ጎንደር አድረው፣ እያሳረፈ ያደርሳታል። እሷ ከመድረሷ በፊት ልጅቷ እውነቱን እንድታውቅ ነው ይህን ደብዳቤ ያስቀደምኩት። እኔ አብሬ አልመጣም። ፓስፖርት ስለሌለኝ ነው ብዬ ልጽፍልሽ ነበር፤ ወረቀት የሌለው ሰው ግን በመተማ ሲያልፍ በዓይኔ አይቻለሁ። የሳራን ፊት ማየት ስላልቻልኩ ነው።

ዛሬ ጠዋት፣ ይህን ከመጨረሴ በፊት፣ ለእትዬም ነገርኳት። ጸጉሯን ጨርሼላት ፊት ለፊቷ ተንበርክኬ፣ «እትዬ፣ ሳራ ልታገባ ነው። ቃልሽን ጠይቃ ነበር፤ እኔ ባንቺ ስም መርቄያታለሁ» አልኳት። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን ከግድግዳው መለሰች። ረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ ግራ እጇን ከአንሶላው ሥር አወጣችና በጥፊ መታችኝ። በደካማ እጅ እንዳይመስልሽ፣ ጆሮዬ እስካሁን ይጮሃል። ሳራ ስለጤናዋ ስትጠይቅሽ የምትነግሪያት እውነተኛ ነገር ይህ አንድ ብቻ ነው፤ የእናትሽ ግራ እጅ ደህና ነው በያት።

ለእናታችን እግሯን ስሜያለሁ በይልኝ፤ ይህን ግን አታንብቢላት። ኢሳን ትከሻህን አሳይ ብላሃለች በይው። ኒዕማን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ካርቱም አክስቴ ዘንድ እሄዳለሁ ካለች ግን እግሯን እሰሪልኝ። ለትንሹም ለትልቁም፣ ለቀኝ ጎረቤትም ለግራም፣ ጠፋች ብሎ ለጠየቀ ሁሉ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ለሳራ ሰላምታ አልልክም።

እህትሽ ሉጥፊያ
ካርቱም፣ ካላክላ
ሐምሌ 21 ቀን 2014 ዓ.ም.